ጥሩምባው በስንት ዲግሪ ይከፈት?

ዛሬ የምንጣላው ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ኳስም አይደለም። ስለ አንድ የቱቦ ጫፍ ነው። ከእርሳስ የቀጠነ፣ 4.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከዋናው የፍሬን ፓምፕ ተነስቶ ወደ ጎማዎቹ የሚሄድ ቱቦ ጫፍ። «ይሄም ርዕስ ሆኖ ይጻፍበታል?» የምትሉን ካላችሁ፣ አዎ ይጻፍበታል። ስለ ቀለም፣ ስለ ቸርኬና ስለ ድምፅ ማጉያ ሌት ተቀን በሚወራበት ከተማ መኪናውን ስለሚያቆመው ነገር የሚያወራ ሲጠፋ አንድ ሰው ነገር መፈለግ አለበት። እኛ ፈልገነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ቮልስ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ሞተር ቀይሮ፣ ዝቅ አድርጎ የሚነዳ ወጣት አለ። ደስ ይለናል። ቅናትም አለብን፣ አንደብቅም። ከዚህ ወገን ደግሞ የፍሬን ቱቦውን በሙሉ በእስቴንለስ የሚቀይር መጥቷል። ኮፈኑ ሲከፈት እንደ መስታወት የሚያበራ ቱቦ ተጠማዞ ሲታይ እውነትም ልብ ይሰርቃል። ጉዱ የሚመጣው «ጫፉን በምን ከፈትከው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። ፍሪጅ ጠጋኙ ለመዳብ ቱቦ በሚጠቀምበት፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረትና አንድ ጠመዝማዛ ባለው መሣሪያ! የሺህ ብር ቱቦ፣ የሳንቲም ጫፍ።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገርና በኋላ እንከራከር። እስቴንለስ ካላችሁ ጫፉ 37 ዲግሪ ነጠላ ጥሩምባ መሆን አለበት፤ የሚከፈተውም ለ37 ዲግሪ ተብሎ በተሠራ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ማግኘት ካልቻላችሁ ወይም ገንዘቡ ካሳሳችሁ እስቴንለሱን ተዉት። ሦስተኛ መንገድ አለ የሚሉ አሉ፣ እንደርስባቸዋለን።

(ባለሙያዎቹ «ፍሌር» የሚሉትን እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥሩምባ እንለዋለን። ቅርጹም ያው ነው፤ ደግሞ ጥሩምባ በአገራችን ምን ሲሆን እንደሚነፋ ታውቃላችሁ።)

«ይሄ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው፣ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያገባናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ኤሌክትሪክ መኪናው መልካም ነው፣ ይምጣ። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለው የነዳጅ መኪና በአዋጅ አይተንም። ያለው ይጠገናል፣ ይታደሳል፣ ይቀጠላል፣ ከሌላ መኪና አካል ይለጠፍበታል። ይህ ሥራ ደግሞ የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በየሰፈሩ ጋራዥ ነው። ስለዚህ የፍሬን ቱቦ ጫፍ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ የጥቂት አፍቃሪዎች ወሬ መሆኑ አብቅቷል። ልጁ ዲኤክሱን ለራሱ አስውቦ ሲነዳ ከፊቱ መንገድ የምንሻገረው እኛ ነን።

እስቲ ወደ ብረቱ እንግባ።

የፍሬን ቱቦ ከፓምፕም ሆነ ከጎማው ሲሊንደር ጋር በብየዳ አይያያዝም። ጫፉ ይከፈታል፣ የተከፈተው ጫፍ ከተመሳሳይ ማዕዘን መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ ከኋላ ያለው ዳዶ ይጫነዋል። ዘይቱን የሚይዘው የዳዶው ጥርስ አይደለም። ይሄን ደግመን እንላለን፦ የዳዶው ጥርስ አይደለም! ብረት ከብረት ጋር ገጥሞ፣ ሾጣጣ በሾጣጣ ላይ ተቀምጦ ነው ዘይቱ የሚታገደው። በዚህ ምክንያት ነው ጥርሱ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ «አሁን አያፈስም» የሚል ሰው ስናይ ጭንቅላታችንን የምንይዘው። ቴፑ ምንም አያግድም። ቁራጩ ግን ተቆርሶ ዘይቱ ውስጥ ሊገባና ጠባቧን ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል።

ግፊቱን ደግሞ አስቡት። የጎማችሁ አየር 2 ባር አካባቢ ነው። ልጅ ከፊታችሁ ሲገባ ፍሬኑን በሙሉ ኃይላችሁ ስትረግጡ በዚያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። ሠላሳ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን የሚሸከመው ያ የተከፈተ ከንፈር ነው።

ጥሩምባ ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው አሜሪካኖችና ጃፓኖች በፋብሪካ የሚጠቀሙበት ባለ 45 ዲግሪ እጥፍ ጥሩምባ ነው። ጫፉ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከንፈሩ ድርብ ይሆናል። ዲኤክሳችሁ ያለው ይሄ ነው። ሁለተኛው የአውሮፓውያኑ ነው፤ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ያብጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይታጠፍም። ቮልስ ያለው ይሄ ነው። ሦስተኛው ባለ 37 ዲግሪ ነጠላ ጥሩምባ ነው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊትና ባሕር ኃይል የአውሮፕላን መለኪያ በኩል መጥቶ «ኤኤን» የሚል ስም ይዞ ቀረ፤ በፋብሪካና በከባድ ማሽን ሃይድሮሊክ ላይ ደግሞ «ጄአይሲ» ይሉታል። የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩና መኪና በእጃቸው የሚገነቡ ፈረንጆች እስቴንለስ ላይ የሚጠቀሙት ይሄን ሦስተኛውን ነው። ለምን? ስለሚያምር አይደለም።

እስቴንለስ እልኸኛ ብረት ነው። ለስላሳ ብረትን ብታጥፉት ይታጠፋል፣ ብትመልሱት ይመለሳል። እስቴንለስ ግን በነካችሁት ቁጥር ይደነድናል። በተለምዶ 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየሙ ነው። ነገር ግን ይሄው ብረት ሲጨመቅ፣ ሲለጠጥ፣ ሲታጠፍ እዚያው ቦታ ላይ ጠንካራ ብቻ ሳይሆን ተሰባሪም እየሆነ ይሄዳል። አሁን ያንን የ45 ዲግሪ እጥፍ ጥሩምባ አስቡት። መጀመሪያ አሳበጣችሁት፤ ደነደነ። ከዚያ «ወደ ውስጥ ታጠፍ» አላችሁት። እሺ ይላል መሰላችሁ? ሁለተኛው እጥፋት ላይ ከንፈሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንዴ በዓይን ይታያል። አንዳንዴ አይታይም፣ ዳዶው ይሸፍነዋል፣ መኪናው ይሄዳል።

37 ዲግሪው ነጠላ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል። የሚከፈተውም ትንሽ ነው፣ ከ45 ዲግሪው 8 ዲግሪ ያነሰ። ብረቱ ከሚችለው በላይ አይለጠጥም። «ነጠላ ከሆነ ከድርብ አይደክምም ወይ?» የሚል ጎበዝ ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ያለው ቀለበቱ ላይ ነው። የ37 ዲግሪ ማያያዣ ሦስት አካል አለው፦ ቱቦው፣ ከቱቦው ላይ የሚገባ አቃፊ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ኋላ የሚመጣ ዳዶ። ዳዶው ሲጠብቅ የሚሽከረከረው ቀለበቱ ላይ እንጂ ጥሩምባው ላይ አይደለም። ቀለበቱ ጥሩምባውን ከኋላ ደግፎ ወደ መቀመጫው ይገፋዋል። ስለዚህ ከንፈሩ አይፋተግም፣ አይጠመዘዝም፣ የመኪናው ንዝረትም አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም። ቀለበቱን «ትርፍ ብረት ነው» ብሎ የሚጥል ሰው አለ። ያ ሰው መንጃ ፈቃድ ባይኖረው እንመርጣለን።

እንግዲህ መሣሪያው። ያ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ያለው ርካሽ መሣሪያ ለምን አይሆንም? ሦስት ነገር ያበላሻል። ቱቦውን በጥርሶቹ ነክሶ ይይዛል፤ እስቴንለስ ግን ጠንካራ ነውና ጥርሱ አይገባበትም፣ ሾጣጣው ሲጫን ቱቦው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ጥሩምባው አንዱ ጎን ረጅም አንዱ ጎን አጭር ይሆናል። እንዳይንሸራተት ብላችሁ ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ ስታስሩት ደግሞ ቱቦው ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ያ ጠባሳ ነገ የስንጥቅ መነሻ ነው። ሾጣጣውም ከለስላሳ ብረት የተሠራ ስለሆነ እስቴንለሱ ላይ እየተላተመ ይፋቃል፣ የተፋቀው ቦታ ደግሞ ዘይት የሚታገድበት ፊት ነው። ሁሉንም ትታችሁ አንዷን ብቻ ያዙ፦ የፍሪጅ ጠጋኙ መሣሪያ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ነው። በምንም ጥበብ 37 አይሆንም። እሱ ለተሠራለት ለስላሳ መዳብ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ፍሪጅ ጠጋኙን አትንኩብን።

ለእስቴንለስ የሚሆነው መሣሪያ ሾጣጣው ከደነደነ ብረት የተሠራና ብረቱን በግድ ከመብሳት ይልቅ እየተንከባለለ የሚከፍተው ነው። ሪጅድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ 377 ብሎ የሚጠራው መሣሪያ ለ37 ዲግሪ ብቻ የተሠራ ነው፤ መኪና በእጃቸው የሚሠሩ ፈረንጆች መንደር ውስጥ ስሙ የታወቀ ነው። ፓርከርም ሮሎ ፍሌር የሚባል የ37 ዲግሪ መሣሪያ አለው። ዋጋቸው ከርካሹ ጋር አይወዳደርም፤ ከመቶ ዶላር በላይ ነው የምናወራው። «ውድ ነው!» አላችሁ? የእናንተን ቸርኬ ዋጋ ሰምተናል። እንዳታናግሩን።

መሣሪያ ስትገዙ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ውዳሴ ትታችሁ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ማዕዘኑ በብረቱ ላይ ተቀርጿል ወይ? የ3/16 ኢንች ቀዳዳ አለው ወይ? (3/16 ኢንች ማለት 4.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ4.75ቱ ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።) አምራቹ «ለእስቴንለስ ይሆናል» ብሎ በግልጽ ጽፏል ወይ? «ለመዳብ፣ ለአሉሚኒየም፣ ለናስ» ብሎ ዝም ካለ ዝምታው መልስ ነው። ሻጩ ግን ዝም አይልም። «ለሁሉም ይሆናል» ይላችኋል። ለሁሉም የሚሆን መሣሪያ የሚባል ነገር ተክለሃይማኖትም ሆነ ቴክሳስ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ ሰዎች እንምጣ። «እኛ 45 ዲግሪ እጥፉንም በእስቴንለስ እናወጣለን» የሚሉ አሉ፣ ውሸታሞችም አይደሉም። በሃይድሮሊክ የሚሠራ፣ ቱቦውን በዳይ አቅፎ የሚይዝ መሣሪያ አለ፤ ማስተርኩል የሚሠራው ለምሳሌ። ሞርሳ ላይ ታስሮ በአንድ ረጅም እጀታ የሚጎተት፣ ዳዮቹ በተርታ የተደረደሩለት ዓይነትም አለ፤ ኢስትዉድ የሚሸጠው የታወቀ ነው። በእነዚህ፣ ቱቦው በደንብ የለሰለሰ ከሆነ፣ እጥፍ ጥሩምባ ይወጣል። እሺ፣ ይውጣ። ግን ጠይቁ፦ ቱቦው በእሳት ለስልሶ የመጣ ለመሆኑ ሻጩ ምን አሳያችሁ? የተበየደ ስፌት አለው ወይስ ያለ ስፌት የተሳበ ነው? ውፍረቱ 0.71 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ የሕንፃ መወጣጫ ማስጌጫ የነበረ ነው? ይህን ሁሉ ሳታውቁ ውድ መሣሪያ ብትይዙ ውድ ስንጥቅ ታወጣላችሁ። ቱቦው የታወቀ፣ መሣሪያው ጥሩ፣ እጁ የለመደ ከሆነ እንቀበላለን። ሦስቱ በአንድ ጋራዥ በአንድ ቀን ሲገናኙ ጥሩን፣ ቡና ይዘን እንመጣለን።

«ጋሽ እገሌ በዚያች መሣሪያ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፣ አንድም ቀን አልፈሰሰበትም» የሚለውን ክርክር እናከብረዋለን። ከልባችን ነው። የእነዚህ ሰዎች እጅ ባይኖር የአዲስ አበባ ግማሽ መኪና ቆሟል። ግን ጋሽ እገሌ ሠላሳ ዓመት የሠራው በምንድን ነው? በፋብሪካው ብረት ቱቦ ነው። እሱ ቀጭን የብረት ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በመዳብ የተያያዘ ለስላሳ ብረት ነው። ለጥሩምባ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ያቺ አሮጌ መሣሪያ እዚያ ላይ በጋሽ እገሌ እጅ ትሠራለች። ብረቱ ሲቀየር የእጁ ጥበብ አልተቀየረም፤ መሣሪያው ግን መቀየር ነበረበት። ይሄን ለጋሽ እገሌ ቁጭ ብሎ የሚነግረው ሰው ጠፋ እንጂ እሱስ ቢነግሩት ከእኛ ቀድሞ ይገባዋል። ጥፋቱ ቱቦውን ከውጭ አስመጥቶ «ጋሼ እባክህ ቶሎ በልልኝ፣ ለቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» የሚለው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን አንድ ወጥመድ እናሳያችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉን ረስታችሁ ይሄን ብትይዙ ይበቃናል። በ3/16 ኢንች ቱቦ ላይ የአሜሪካው 45 ዲግሪ ዳዶና የ37 ዲግሪው «ኤኤን 3» ዳዶ ጥርሳቸው አንድ ነው። ሁለቱም 3/8 ኢንች ባለ 24 ጥርስ ናቸው። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? የአንዱ አካል ከሌላው ጋር በጥርስ በኩል ሊስማማ ይችላል። በእጅ ይዞራል፣ በቁልፍ ይጠብቃል፣ ቀጥ ይላል። ከውስጥ ግን 37 ዲግሪ ላይ 45 ዲግሪ ተቀምጧል። ሁለቱ የሚነካኩት በሙሉ ፊታቸው ሳይሆን በአንዲት ቀጭን የክብ መስመር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ላያፈስ ይችላል። ሲያፈስ «አጥብቀው» ይባላል። ሲያጠብቁት ያቺ ቀጭን መስመር ከንፈሩን እንደ ቢላ ትበላዋለች። እንደገና ያፈሳል። እንደገና «አጥብቀው»።

ወጥመዱ ወንድም አለው። የቮልስም የዲኤክስም ዳዶ 10 ሚሊ ሜትር ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው። የአሜሪካው 3/8 ደግሞ 9.5 ሚሊ ሜትር ባለ 1.06 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው። በዓይን መለየት ከባድ ነው። የአሜሪካውን ጃፓኑ ላይ ብትሞክሩት ልቅ ብሎ ጥቂት ይዞራል፣ ከዚያ ይነክሳል፤ ኃይለኛ ሰው ከሆናችሁ ይገባልም። ኃይላችሁን ለሌላ ነገር አድርጉት። ከሱማሌ ተራ በኪሎ የገዛችሁትን ዳዶ ከመኪናው ኦሪጅናል ዳዶ ጋር ጥርስ ለጥርስ አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሡና እዩ። በመሃላቸው ብርሃን ካለፈ አንድ አይደሉም።

«ታዲያ ዲኤክሴ በፋብሪካው 45 ዲግሪ ነው ካላችሁ 37ቱን የት ላሰረው?» ትክክል፣ አስማሚ ያስፈልጋል። በአንድ ጫፉ ወደ ፓምፑ ወይም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ፣ በሌላው የ37 ዲግሪ ሾጣጣ ያለው ትንሽ ማያያዣ። ተሠርቶ ይሸጣል፤ ግን ከአገር ውጭ ማስላክ ሊጠይቅ ይችላል። በየጫፉ አንድ ይፈለጋል፣ ሲደመር ገንዘብ ነው፤ መጋጠሚያም ይበዛል። ይህን አንክድም። ቶርኖ ቤት ሄዶ የማስቀረጽ ሐሳብ የመጣለት ካለ ግን በእኛ በኩል መልሱ አይሆንም ነው። የቶርኖ ባለሙያው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የሾጣጣውን ማዕዘን የሚለካበት መሣሪያና የብረቱን ዓይነት የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው በ70 ባር ላይ ግምት ተቀምጧል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወዳጆቻችንን የሚያስቀይመውን እንበል። አዲስ አበባ ላይ እስቴንለስ ለምን አስፈለገ? እስቴንለስ የፍሬን ቱቦ በፈረንጅ አገር የተወደደበት ዋናው ምክንያት ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ጨው የብረት ቱቦን በጥቂት ዓመት ይበላል። እኛ ጋ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፣ ዶሮ ወጥ ላይም በልክ ነው። የእኛ ቱቦ የሚበላው አንድም በጭቃ፣ አንድም ከውስጥ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ውኃው ውስጥ ሆኖ ይሠራል። እስቴንለስ አስገብታችሁ ዘይቱን ለአሥር ዓመት ሳትቀይሩ ብትነዱ ቱቦው ያበራል፣ የፓምፑ ሆድና የጎማው ሲሊንደር ግን ይዝጋል። እንግዲህ የተረፈው ምክንያት ማብራት ነው። ማብራትም ምክንያት ነው፣ አንንቅም፤ ለፎቶ ግሩም ነው። ግን ስሙን እንጥራው።

ለአብዛኛው የከተማችን መኪና የሚበጀው መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ቱቦ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ መዳብ፣ አንዱ ኒኬል። ቮልቮ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪናዎቹ ላይ ተጠቅሞበታል። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ የፋብሪካውን እጥፍ ጥሩምባም ሆነ የቮልሱን እንጉዳይ ያለ ጭቅጭቅ ያወጣል፣ በመጠነኛ መሣሪያም ጭምር። አስማሚ አይፈልግም። ከፍሪጅ የተረፈ ንጹህ መዳብ ግን ሌላ ነው! ቀለማቸው ስለሚቀራረብ የሚያምታታ አለ። ንጹህ መዳብ በንዝረት እየደነደነ ይሰነጠቃል፤ ለፍሬን አይሆንም፣ አራት ነጥብ።

እሺ፣ ሁሉን ሰምታችሁ «እኛ ግን እስቴንለስ ነው የምንፈልገው» ካላችሁ መብታችሁ ነው፤ በሥርዓት ሥሩት። ቱቦውን በሚሽከረከር መቁረጫ አትቁረጡት፤ እየጨመቀ ጫፉን ከመከፈቱ በፊት ያደነድነዋል። ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ፣ ባለ 32 ጥርስ በሆነው፣ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ። በሞረድ ቀጥ አድርጉት፣ የውስጡንም የውጭውንም እሾህ አንሡ፤ አንዲት የቀረች እሾህ ስንጥቅ ትሆናለች። ውስጡን አጥቡ፣ በአየር ንፉ። ሾጣጣውን ዘይት ቀቡ። ዳዶውንና ቀለበቱን ጥሩምባውን ከመክፈታችሁ በፊት አስገቡ (ሳቁ፣ ግን ይህን የረሳ ሰው ሁሉ ያመረውን ጥሩምባ ቆርጦ ጥሎታል፣ ቱቦውም አጥሮታል)። ሲያልቅ በማጉያ መነጽር ዙሪያውን እዩ፤ ፊቱ እኩል ነው? ጭረት አለ? የሚያጠራጥር ከሆነ ቆርጣችሁ ድገሙት። አየሩ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረግጦ ይያዝ፣ ሌላው በባትሪ ብርሃንና በደረቅ ነጭ ጨርቅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይዳስስ። ጨርቁ ከረጠበ መኪናው አይወጣም። ሠርግም ቢኖር!

«ቦሎ ስናሳድስ ይመረመራል» የሚል መጽናኛም ሰምተናል። ምርመራው ፍሬኑ በዚያች ቀን መያዙን ያያል። ዳዶ ሥር የተደበቀ ስንጥቅ የሚያይ ዓይን የለውም፤ ሥራውም አይደለም።

ስለ ቮልስ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ይቆጨናል። ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ቮልሶች ዋና ፓምፓቸው ባለ አንድ ክፍል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚላኩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ባለ ሁለት ክፍል ሆኑ፤ አንዱ ወገን ቢፈስ ሌላው ይይዛል። በአንድ ክፍሉ ግን አራቱም ጎማ የሚጠጣው ከአንድ ጉሮሮ ነው። የትኛውም ጫፍ ላይ አንድ ጥሩምባ ከተሰነጠቀ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ በቃ። አሁን ያቺን ስልሳ ዓመት የሞላት ቮልስ፣ አዲስ ሞተር ገብቶላት፣ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ አስቧት። በግራ ተማሪዎች፣ በቀኝ ጥበብ ሻጮች፣ ከፊት ታክሲ። የእጅ ፍሬኗ በገመድ ነው። ገመዱን ማን አየው? የዚህ ዓይነት ቮልስ ያለው ሰው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፓምፑን ወደ ባለ ሁለት ክፍል ይቀይር፤ ምትኩ ተሠርቶ ይሸጣል።

የገንዘቡን ነገር ለማሳጠር፣ መፍትሔው እኛ ዘንድ ከድሮም ያለ ነው፤ ዕቁብ ግቡ። አንድ የ37 ዲግሪ መሣሪያ ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ቀን ነው የሚያስፈልገው፣ የቀረውን ቀን ሣጥን ውስጥ ይተኛል። መኪና የሚያሳምሩ ስድስት ልጆች አንድ መሣሪያ በጋራ ቢገዙ ለእያንዳንዱ ከአንድ የመኪና ማሽተቻ ሣጥን ብዙ አይበልጥም። መሣሪያው አንድ ጋራዥ ይቀመጥ፤ ጋራዡም እስቴንለስ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በጫፍ ሒሳብ ያስከፍልበት፣ ከክፍያው አዲስ ሾጣጣ ይገዛበት። አጠገቡ አንድ ሜትር ትርፍ ቱቦ ይንጠልጠል፦ እጁን ያላፍታታ ሰው ሦስት ጥሩምባ እዚያ ላይ ሳያወጣና በማጉያ ሳያሳይ ወደ መኪናው ቱቦ አይሂድ። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ መጣላታችሁ አይቀርም። እኛ ጋሽ እገሌ ይያዙት እንላለን።